የመምህራን መምህር፦ ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል

መምህርነት ዛሬ ሠልጥነው የሚገቡበት ሙያ ነው። ክፍል ከመግባታችን በፊት የትምህርት ዕቅድ እናወጣለን። ተማሪዎችን በየደረጃቸው መድበን፣ ሰሌዳ ፊት ቆመን፣ ለሁሉም ባንድ ጊዜ እናስተምራለን። ለማስተማር ልምምድ ስንወጣ ደግሞ ነባር መምህር ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ጉድለታችንን ይመዘግባል። ይሄ ሁሉ ከመለመዱ የተነሣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ የነበረ ይመስለናል። ግን አልነበረም። እያንዳንዱ ነገር የሆነ ቦታ፣ በሆነ ሰው ላብ የተጀመረ ነው።

በዚህ ዕትም የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ከነዚያ ጀማሪዎች አንዱ ናቸው። ስማቸው ዣን ባፕቲስት ደ ላ ሳል ይባላል። በኛ አጠራር ዮሐንስ መጥምቅ ማለት ነው። ፈረንሳዊ የካቶሊክ ካህን ነበሩ። እኚህን ሰው የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው የኛው ሙያ ሰው መሆናቸው ነው። ሁለተኛው ደግሞ በሠልጣኞች መካከል ብዙ ጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፤ ቤተ ክርስቲያን፣ በተለይም በየአገሩ ትምህርት ቤት ከፍታ የምናያት የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ በኅብረተሰቡ ኑሮ ውስጥ ቦታዋ ምንድን ነው? የሚለው። ለዚህ ጥያቄ የደ ላ ሳል ኑሮ ከብዙ ክርክር የተሻለ መልስ የሚሰጥ ይመስለናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች፣ ለይተን ካላመለከትን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የባለጸጋ ልጅ

ደ ላ ሳል የተወለዱት በሰሜን ምሥራቅ ፈረንሳይ በምትገኘው በሬምስ ከተማ፣ ኤፕሪል 30 ቀን 1651 ነው። ሬምስ የፈረንሳይ ነገሥታት በካቴድራሏ ዘውድ የሚጭኑባት ከተማ ነበረች። አባታቸው የንጉሡ ፍርድ ቤት ዳኛ፣ እናታቸውም ከመኳንንት ወገን ነበሩ። ከተወለዱት 11 ልጆች ያደጉት 7 ሲሆኑ፣ ደ ላ ሳል የሁሉም ታላቅ ነበሩ።

ገና በ15 ዓመታቸው የሬምስ ካቴድራል ካኖን ሆኑ። ካኖን ማለት በካቴድራሉ የጸሎት ሥርዓት በየዕለቱ የሚቆም፣ ለዚህም ቋሚ ገቢ የተመደበለት ባለ ማዕረግ ነው። በቀድሞው ዘመን የኛ አገር የደብር አገልጋይ ይተዳደርበት የነበረውን የሰሞን መሬት ብናስታውስ ነገሩ በቶሎ ይገባናል። እንዲህ ያለ ቦታ እስከ ዕድሜ ልክ እንጀራ ነው፤ ከፍ ላለ ሹመትም መወጣጫ ነው።

ለክህነት ትምህርት ወደ ፓሪስ የሄዱት በ1670 ነበር። ብዙም ሳይቆዩ በ1671 እናታቸው፣ በ1672 አባታቸው ሞቱባቸው። ገና 21 ዓመት ሳይሞላቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ሬምስ ተመለሱ፤ የታናናሾቻቸው አሳዳጊ፣ የቤቱም ንብረት አስተዳዳሪ ሆኑ። ያም ሆኖ ትምህርቱን አልተዉትም። በ1678 ቅስና ተቀበሉ፣ በ1680 በነገረ መለኮት የዶክትሬት ማዕረግ አገኙ። እስከዚህ ድረስ ሲታይ የአንድ የተከበረ ቤተሰብ ልጅ የተስተካከለ ኑሮ ነው።

የዚያን ዘመን መምህር

ታዲያ በዚያን ጊዜ የድሃ ልጅ የት ይማር ነበር? የሀብታም ልጅ ቤቱ ድረስ አስተማሪ ይቀጠርለታል። የነጋዴና የባለ እጅ ልጅ ገንዘብ እየከፈለ ይማራል። የድሃ ልጅ ዕድል ካገኘ የምጽዋት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ካላገኘ መንገድ ላይ ይውላል። በነዚህ የምጽዋት ትምህርት ቤቶች የሚያስተምሩት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሥራ ያጡ ሰዎች ነበሩ። ራሳቸው በቅጡ ሳይማሩ ያስተምራሉ፤ ደመወዛቸው ትንሽ ነው፤ የተሻለ ነገር ሲያገኙ ጥለው ይሄዳሉ። ማንም አያከብራቸውም።

በ1679 አድሪያን ኒዬል የሚባሉ አዛውንት ሰው ከሩዋን ከተማ ተነሥተው ሬምስ ደረሱ። ለድሃ ወንዶች ልጆች ትምህርት ቤት ለመክፈት አንዲት ባለጸጋ ሴት የላከቻቸው ናቸው። ደ ላ ሳል ምክር ሰጡ፣ መንገዱን አመቻቹ፣ ትምህርት ቤቱም ተከፈተ። ከዚያ በላይ የመግባት ሐሳብ አልነበራቸውም። ነገር ግን ኒዬል ትምህርት ቤት መክፈት እንጂ ተቀምጦ ማስተዳደር የሚሆንላቸው ሰው አልነበሩም። አንዱን ከፍተው ወደ ሌላው ይሮጣሉ። መምህራኑ ያለ ኃላፊ ቀሩ፤ አንዱ አርፍዶ ይገባል፣ ሌላው ያልተዘጋጀበትን ያስተምራል፣ ሦስተኛው ሥራውን ትቶ ይጠፋል።

ደ ላ ሳል መጀመሪያ ቤት ተከራዩላቸው። ቀጥሎ ምግባቸውን ከራሳቸው ማዕድ አደረጉላቸው። በመጨረሻም በ1681 መምህራኑን ቤታቸው አስገቡ። ይህን ስንጽፍ ቀላል ይመስላል፤ ለሳቸው ግን ከባድ ነበር። ኋላ በጻፉት ማስታወሻ እንዳመኑት፣ በዚያን ጊዜ እነዚህን መምህራን የሚያዩአቸው ከገዛ አሽከራቸው በታች አድርገው ነበር። ከነሱ ጋር አብሮ መኖር አለብህ ተብለው ከመጀመሪያው ቢነገራቸው ኖሮ ሥራውን ባልነኩት ነበር።

ዘመድ ተቆጣ። ያ ሁሉ ስምና ክብር ያለው ቤት የማንም መናኸሪያ ሆነ ተባለ። አብረዋቸው የሚኖሩት ወንድሞቻቸው እየተወሰዱ ሌላ ዘመድ ዘንድ ተቀመጡ። ደ ላ ሳል በጁን 1682 የአባታቸውን ቤት ትተው ከመምህራኑ ጋር የኪራይ ቤት ገቡ።

የመምህራኑ ጥያቄ

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። መምህራኑ በኪራዩ ቤት አብረው መኖር ቢጀምሩም ልባቸው አላረፈም። ትምህርት ቤቱ ነገ ቢዘጋ ምን ይበላሉ? ሲያረጁ ማን ይጦራቸዋል? ደ ላ ሳል ካህን ናቸውና በእግዚአብሔር መግቦት እንዲታመኑ መከሯቸው። መምህራኑም መልሱን አላጡም። የካኖን ገቢና የአባት ሀብት ላለው ሰው እንዲህ ያለውን ምክር መስጠት እንደማይከብደው፣ ሥራው ቢፈርስ ግን ሜዳ ላይ የሚቀሩት እነሱ ብቻ እንደሆኑ ፊት ለፊት ነገሯቸው።

እኛ ይህን ታሪክ ባነበብን ቁጥር ቆም የምንለው እዚህ ላይ ነው። ቅር መሰኘት ይቻል ነበር። ውለታ ቢስ ብሎ ማባረርም ይቻል ነበር። ደ ላ ሳል ግን ነገሩን ሲያወጡ ሲያወርዱት መምህራኑ እውነት እንደተናገሩ ገባቸው። በ1683 የካኖንነት ማዕረጋቸውን ለቀቁ። ሊቀ ጳጳሱ አልወደዱትም። ዘመዶቻቸው ደግሞ ቦታው ቢቀር ቢቀር ለታናሽ ወንድማቸው ይተላለፋል ብለው ጠብቀው ነበር። እሳቸው ግን ለአንድ ድሃ ካህን አስተላለፉት።

በዚያው ክረምት፣ ከ1683 እስከ 1684፣ አካባቢውን ረሃብ ገባው። ደ ላ ሳል የውርስ ሀብታቸውን አውጥተው ዳቦ እያስገዙ ለተራበው ያድሉ ጀመር፤ በዚህም ሀብቱ አለቀ። መቼም ይህ ውሳኔ የሚያከራክር ነው። ያን ሁሉ ገንዘብ ለትምህርት ቤቶቹ መተዳደሪያ ቢያደርጉት ኖሮ መምህራኑ ይጦሩበት አልነበረም ወይ? የሚል አይጠፋም። ዳሩ ግን የመምህራኑ ቅሬታ ስለ ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የሚመክራቸው ሰው በነሱ ቦታ ያለመቆሙ ነገር ነበር። ከዚያ ክረምት በኋላ ደ ላ ሳልም እንደነሱ የዕለት እንጀራቸውን የሚጠብቁ ሰው ሆኑ። ስለ መታመን ሲናገሩ የሚያንጓጥጣቸው አልተገኘም።

መምህራኑ ከዚህ በኋላ ተራ ቅጥረኛ መባልን ትተው እርስ በርሳቸው ወንድም መባባል ጀመሩ። ጥቁር ቀሚስ፣ ነጭ የአንገት ልብስና ወፍራም ጫማ ያደርጉ ነበር። ማኅበራቸው የክርስቲያን ትምህርት ቤቶች ወንድሞች ማኅበር ተባለ።

የመጀመሪያዎቹ ሠልጣኞች

እኛን በቀጥታ የሚመለከተን ክፍል ይሄ ነው። የሬምስ ትምህርት ቤቶች ዝና ሲሰማ፣ የገጠር ቆሞሶች መምህር ይላክልን ማለት ጀመሩ። ደ ላ ሳል ግን አንድን ወንድም ብቻውን አይልኩም፤ ብቸኝነት መምህሩን እንደሚያደክመው አይተዋል። ድሃ መንደር ደግሞ ሁለት መምህር ማኖር አይችልም። ስለዚህ መንደሮቹ የራሳቸውን ወጣት እንዲልኩ፣ ሠልጥኖም እንዲመለስላቸው ሐሳብ አቀረቡ። በ1685 ገደማ በሬምስ የገጠር መምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተ። ሠልጣኞቹ ንባብ፣ ጽሕፈት፣ ሒሳብና ዜማ ይማሩ ነበር፤ ክፍል ገብተውም ማስተማርን ይለማመዱ ነበር። በአውሮፓ ከታወቁት የመጀመሪያ የመምህራን ማሠልጠኛዎች አንዱ ይህ ነው። የሬምሱ ቤት ብዙ ዓመት ባይዘልቅም፣ ደ ላ ሳል ሐሳቡን አልተዉትም፤ በ1699 በፓሪስ እንደገና ሞክረውታል።

አሠራራቸውን የምናገኘው ስለ ትምህርት ቤቶች አመራር ከተዘጋጀው መጽሐፋቸው ነው። በ1706 በእጅ ጽሑፍ ይሠራበት ነበር፤ የታተመው እሳቸው ከሞቱ በኋላ በ1720 ነው። ደስ የሚለው ነገር መጽሐፉን አንድ ሊቅ ብቻውን ተቀምጦ የጻፈው አለመሆኑ ነው። በክፍል ውስጥ ዓመታት ያሳለፉ ወንድሞች ተሰብስበው፣ የሚሆነውንና የማይሆነውን ተወያይተው፣ ሞክረው ያወጡት ነው። ከአዲስ መምህር መወገድ ያለባቸውን ጠባዮችም ይዘረዝራል። ብዙ መናገር፣ መቻኮል፣ ጭካኔና አድልዎ ይገኙባቸዋል። ኧረ እስቲ ከኛ መካከል ከነዚህ ነጻ ማን ነው!

ክፍሉ ውስጥ የተደረገው ለውጥ

ከለውጦቹ አንዱ የቋንቋ ጉዳይ ነው። በዚያን ዘመን ሕፃኑ ንባብ የሚጀምረው በላቲን ነበር፤ በቤቱ የማይናገረው ቋንቋ ማለት ነው። ይህ ለኛ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ የቄስ ትምህርት ቤታችንም ልጁ ፊደል ቆጥሮ ሲያበቃ የሚገባው ወደ ግዕዝ ንባብ ነበር። ደ ላ ሳል በፈረንሳይኛ እንዲጀመር አደረጉ። ለምን ቢሉ፣ የድሃ ልጅ ትምህርት ቤት የሚቆየው ጥቂት ዓመት ብቻ ነው። ላቲኑን ሳይጨርስ ለሥራ ይወሰዳል፤ በገዛ ቋንቋው ቢጀምር ግን በዚያች አጭር ጊዜ ማንበብን ይዞ ይወጣል። በአገራችን ሐምሌ 1 ቀን 1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ ትምህርቱ እያደር በ15 ቋንቋዎች የተሰጠውም ከዚህ በማይርቅ ምክንያት ነበር።

ሌላው የአንድ ክፍል ማስተማር ነው። ቀድሞ መምህሩ እያንዳንዱን ልጅ በየተራ እየጠራ ያስነብበዋል፤ ሌሎቹ በዚያ ጊዜ ይንጫጫሉ ወይም ያንቀላፋሉ። ደ ላ ሳልና ወንድሞቹ ልጆቹን በችሎታ ደረጃ መደቧቸው፤ ለአንድ ደረጃ አንድ ዓይነት መጽሐፍ ሰጧቸው፤ አንዱ ሲያነብ ሁሉም በዓይናቸው እንዲከታተሉ አደረጉ። መምህሩ ብዙ አይጮህም፤ በእጁ በያዛት የምልክት መሣሪያ እያንኳኳ ያዛል። የቀሪዎች መዝገብ ይያዛል፤ የልጁ መቅረት ምክንያትም ይጠየቃል። ለተማሪዎችም የሥራ ድርሻ ይሰጣቸዋል።

ትምህርቱ በነጻ ነበር። የደኸየውም ያልደኸየውም ባንድ አግዳሚ ይቀመጣሉ። ልጆቹ ቁርሳቸውን የሚበሉት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ዳቦ የተረፈው በቅርጫት ያዋጣል፣ ቅርጫቱም ላላመጡት ይታደላል። ስለ ቅጣትም እውነቱን እንናገር። መጽሐፉ አርጩሜን ጨርሶ አልከለከለም፤ የዘመኑ ልማድ ነበር። ግን በቁጣ እንዳይመታ፣ በጥቂቱ እንዲሆን ብዙ ገደብ አድርጎበታል። ማኅበሩም እየቆየ እየተወው ሄደ።

መምህርነት በራሱ ጥሪ መሆኑ

ደ ላ ሳል ከማኅበራቸው አንዱን፣ አንሪ ለሩ የተባለውን ወንድም፣ ቅስና እንዲቀበልና እንዲተካቸው ያስተምሩት ነበር። በ1690 በድንገት ሞተባቸው። ኀዘኑ ሲያልፍ ነገሩን መልሰው አሰቡት፤ ከዚያ በኋላ ወንድሞች ካህን እንዳይሆኑ ወሰኑ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ካህን የሆነ ሰው ለቅዳሴና ለኑዛዜ ይፈለጋል፤ ክፍሉ ባዶ ይቀራል። በማኅበሩ ውስጥም ካህንና ካህን ያልሆነ የሚል የበላይና የበታች ይፈጠራል። ስለዚህ በዚያ ዘመን በቤተ ክርስቲያን ውስጥ አዲስ ዓይነት ሰው ታየ፤ ሕይወቱን በሙሉ ለእግዚአብሔር የሰጠ፣ አገልግሎቱ ግን በመቅደስ ሳይሆን በክፍል ውስጥ የሆነ መምህር። ሆሄ ማስቆጠር ራሱ እንደ ቅዱስ ሥራ ተቆጠረ።

ይህ ሁሉ ያለ ተቃዋሚ አልሆነም። በ1688 ወደ ፓሪስ ከተዛወሩ በኋላ፣ በክፍያ የሚያስተምሩ የጽሕፈት መምህራን ማኅበር ከሰሳቸው። ለነሱም እንፍረድላቸው ካልን፣ የነጻ ትምህርት ቤት መክፈል የሚችለውን ልጅ ሲወስድባቸው እንጀራቸው መቀነሱ ነው። በ1704 የትምህርት ቤት ዕቃቸው ተወረሰ፤ በ1706 ፍርድ ቤቱ በፓሪስ ያለ ፈቃድ እንዳያስተምሩ አገደ። ከከሳሾቹ ሌላ ከውስጥም ችግር ነበር፤ ወንድሞች ይታመማሉ፣ ይሞታሉ፣ ይሄዳሉ። በኖቬምበር 1691 ነገሩ ሊፈርስ ሲቃረብ፣ ደ ላ ሳል ከሁለት ወንድሞች ጋር ሆነው፣ ለምነውና ደረቅ ዳቦ በልተውም ቢሆን ማኅበሩን እንዳይተዉ ቃል ኪዳን ገቡ። ከሁለቱ አንዱ ኋላ ጥሎ ሄደ። ሌላው ጋብርኤል ድሮላን ሮም ተልኮ ከ20 ዓመት በላይ ብቻውን ሥራውን ጠብቆ ኖረ።

በ1712 ከአንድ ወጣት ባለጸጋ ጋር በተያያዘ የገንዘብ ጉዳይ ተከስሰው ተረቱ። ስማቸው ጎደፈ። ለማኅበሩ ሸክም የሆኑ መስሏቸው ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ሄዱ። የነገረ መለኮቱ ዶክተር በግሬኖብል ከተማ ሕፃናትን ፊደል ሲያስተምሩ ታዩ። የፓሪስ ወንድሞች ግን በኤፕሪል 1714 ደብዳቤ ጻፉላቸው። ልመና አልነበረም፤ በገቡት የመታዘዝ ቃል ኪዳን መሠረት እንዲመለሱ የሚያዝ ትእዛዝ ነበር። መሥራቹ የተማሪዎቻቸውን ትእዛዝ ተቀብለው ተመለሱ። በ1717 ወንድም ባርቴሌሚ የተባለው በምርጫ ተካቸው። ደ ላ ሳል ኤፕሪል 7 ቀን 1719፣ በስቅለት ዓርብ፣ በሩዋን ከተማ በ67 ዓመታቸው ዐረፉ። የማኅበሩ አባላት በዚያን ጊዜ ወደ 100 ይጠጉ ነበር።

ከዚያ ወዲህ

ማኅበሩ በ1725 ከሮም ዕውቅና አገኘ፤ በ1792 በፈረንሳይ አብዮት ፈረሰ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ግን ተመልሶ ቆመ። ደ ላ ሳል በ1900 ቅዱስ ተባሉ። በ1950 የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የመምህራን ሁሉ ጠባቂ አድርጋ ሰየመቻቸው። ዛሬ በስማቸው የሚታወቁት ትምህርት ቤቶች ወደ 80 በሚጠጉ አገሮች ይገኛሉ። በአገራችንም የአዲስ አበባው የቅዱስ ዮሴፍ ትምህርት ቤት የነዚሁ ወንድሞች ሥራ ነው። የወንድሞች ቁጥር ከ1960ዎቹ ወዲህ በጣም ቀንሷል፤ አብዛኛውን ማስተማር የያዙት የማኅበሩ አባል ያልሆኑ ሴቶችና ወንዶች ናቸው፤ የሌላ ሃይማኖት ተከታዮችም አሉባቸው።

እዚህ ላይ መጠየቅ ያለበት ጥያቄ አለ። በብዙ አገር የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት በጥራቱ ይመሰገናል፤ ነገር ግን ክፍያ አለበት፣ ክፍያ ባለበት ደግሞ የድሃው ልጅ ደጅ ይቀራል ተብሎ ይወቀሳል። መልሱ ቀላል አይደለም፤ መምህር ደመወዝ ይፈልጋል፣ ቤትም ያረጃል። ሆኖም ወቀሳው ከውጭ የመጣ ነው ብለን አናልፈውም። የመሥራቹ ሕይወት ራሱ የሚያነሣው ወቀሳ ነው። የሬምስ መምህራን ለካኖኑ ያቀረቡት ጥያቄ ዛሬም ለማንኛውም የቤተ ክርስቲያን ተቋም ይቀርባል፤ የምትመክረው ሕዝብ የሚኖረውን ኑሮ ታውቀዋለህ ወይ? የሚል ነው። በኛ አስተያየት ቤተ ክርስቲያን በኅብረተሰቡ ውስጥ የምታገኘው ቦታ ለዚህ ጥያቄ በምትሰጠው መልስ ይለካል። ደ ላ ሳል በማዕረጋቸው ቢቀጥሉ ኖሮ ከሬምስ ካኖኖች ስም ዝርዝር ውጭ የሚያስታውሳቸው አይኖርም ነበር።

ለኛስ? ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን ወደየገጠሩ እንበተናለን። ብዙዎቻችን መንገድ የማይገባበት ቀበሌ ይደርሰናል። ደ ላ ሳል መምህር በብቸኝነት እንደሚደክም አስቀድመው አይተው ነበርና፣ አንድ ትምህርት ቤት የተመደብን ሁሉ እንፈላለግ፣ ያስቸገረንን ትምህርት እንወያይበት፣ የሠራልንን ዘዴ ጽፈን እንያዝ። ለአሠልጣኞቻችንም አንድ ነገር እናሳስባለን። እኛን ስትመክሩ የምንሄድበትን ቦታና የምንበላውን እንጀራ አስባችሁ ምከሩን። እኛም በበኩላችን ተማሪያችን ቁርስ ሳይበላ መምጣቱን ሳናውቅ ለምን ታንቀላፋለህ ብለን አንቆጣ። ያ የዳቦ ቅርጫት በየክፍሉ ይዞር የነበረው ለዚህ ነው።